ጣና ማሚቶ የለውም፦ የአንድ ማሲንቆ ሚክስ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጋሼ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ከባጃጅ ሲወርዱ መጀመሪያ ያቀበሉኝ ማሲንቆውን ነው። በጋቢ ጠቅልለውታል። እሳቸው በነጠላ ብቻ ናቸው፤ ጋቢው ለማሲንቆው ተሰጥቷል።

የምንሠራው አንድ ዘፈን ነው። 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ቅኝቱ ባቲ፣ ምቱ ችክችካ፣ ግጥሙ የራሳቸው። ስቱዲዮ የምላት ክፍሌ ግድግዳዋ በብርድ ልብስ የተሸፈነ የግቢ ሰርቪስ ናት። ጣራዋ ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ እዚህ መቅዳት አይታሰብም፤ ጥቅምት ስለገባ ነው የደፈርኩት።

አንድ ማይክ ከአፋቸው ፊት፣ አንድ ማይክ ከማሲንቆው ቆዳ ፊት አቆምኩ። በሁለቱ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል አለ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እናም የጋሼ ድምፅ ማሲንቆው ማይክ ላይ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ገና ምንም ፕለጊን (ኮምፒውተር ላይ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም) ሳልከፍት ዲሌይ፣ ማለትም ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ፣ አለኝ ማለት ነው።

ክሊክ በማዳመጫ ላሰማቸው ሞከርኩ። አንድ ስንኝ ዘፍነው አወለቁት።

«ይሄ የሚንኳኳው ምንድን ነው ልጄ?»

«ምት እንዲጠብቅልዎ ነው ጋሼ።»

«እኔ እጠብቀዋለሁ፤ እሱ ይረፍ።»

ክሊኩ አረፈ። ሦስት ጊዜ ቀዳን። ሦስተኛው ይሻላል። ከሁሉም የወደድኩት ስንኝ ይኸው፦

አንቺ ማዶ ቀርተሽ ሞገዱ ይበረታል፣
ዳር የቀረ ሰው ልብ ሌት ተቀን ይመታል።

ሲሄዱ በር ላይ ቆመው አደራ አሉ። «ኢኮ በደንብ አድርግበት። የጣና ዳር ዘፈን ነው፤ ጣና ጣና ይሽተት።» እሺ አልኩ። እዚህ አገር ዘፋኙም ሰባኪውም የሠርግ አስተዋዋቂውም ሪቨርቡንም (ድምፅ ካለቀ በኋላ የሚንጠለጠለውን ጭራ) ዲሌዩንም አንድ ላይ ኢኮ ነው የሚለው። ትንሽ ኢኮ የሚለው ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ሌሊት ላይ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ወርኃ ጽጌ ስለሆነ ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ዝም ብዬ ሳዳምጥ አንዱ ድምፅ ማጉያ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። የሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው 200 ሜትር ቢረዝም ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። አንዱ ከግራዬ፣ አንዱ ከቀኜ። በአልጋዬ ላይ ተኝቼ ስቴሪዮ ዲሌይ። ዜማው ደስ ይላል፤ ቃሉን ግን መያዝ አቃተኝ። ይህን የጻፍኩት ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው። ያኔ ግን ነገሩን ሳላስተውለው እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ጣና ጣና እንዲሸት ጣናን መስማት አለብኝ አልኩና በማለዳ መቅረጫዬን ይዤ ወረድኩ። ወደ ደብረ ማርያም የሚያሻግሩት ታንኳዎች ከሚነሱበት ዳርቻ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ እንቅስቃሴ የለውም። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ እንጨት የጫነ ታንኳ ላይ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። ፊታቸው አይለይም። ወሬያቸው ግን ቃል በቃል ይሰማል። አንዱ ስለተበደረው ብር ያማርራል። ያበደረው ሰው ዳር ላይ ቢኖር ጉድ ፈልቶ ነበር።

ምክንያቱ አየሩ ነው። ማለዳ ላይ ከውኃው በላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው ሞቅ ይላል። ድምፅ በሞቃት አየር ይፈጥናል፣ በቀዝቃዛው ይዘገያል። በዚህ የተነሳ ወደ ላይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ጎብጦ ወደ ውኃው ይመለሳል። ስለዚህ ርቆ ይጓዛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ዋናውን ነገር ግን መቅረጫውን ቤት መልሼ ስሰማው ነው ያገኘሁት። ያ የሰዎቹ ድምፅ ጭራ የለውም። ምንም። «ብሩን» ይላል፣ ያበቃል። ሪቨርብ የሚመጣው ድምፅ ከግድግዳ፣ ከጣራ፣ ከዓለት እየተላተመ ሲመለስ ነው። ሐይቅ ላይ የሚመልስ ነገር የለም። የገደል ማሚቶ ገደል ይፈልጋል። ጣና ደግሞ ሜዳ ነው፤ የውኃ ሜዳ።

ታዲያ ሁላችንም «የሐይቅ ዳር ስሜት» ስንል ለምን ካቴድራል የሚያክል ሪቨርብ እንከፍታለን? ከፊልም የለመድነው ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ይህን ሁሉ አውቄ ዛሬ ምን አደረግኩ? ካቴድራል የሚያክል ሪቨርብ ከፈትኩ። ደንበኛው ኢኮ ብሏል፤ ደንበኛ ንጉሥ ነው።

የምሠራው ሪፐር በሚባል የድምፅ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ የፕሌት ሪቨርብ ሞከርኩ። ፕሌት ማለት እውነተኛ ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ኢኤምቲ 140 የተባለው የጀርመን ዕቃ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ስስ የብረት ሉህ በሣጥን ውስጥ ወጥሮ የያዘ ነው። ድምፁ ብረቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡ ተቀርጾ ይመለሳል። ክብደቱ 270 ኪሎ ይጠጋል። ያንን ዕቃ ሳስብ የኔ ቆርቆሮ ጣራ ትዝ ይለኛል። ዝናብ ሲመታው እሱም ፕሌት ነው፤ የሚያጠፋው ቁልፍ የለውም እንጂ።

ፕሌቱ ለጋሼ ድምፅ ያምራል። ለማሲንቆው ግን አይሆንም። ማሲንቆ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ የሚፈተግበት መሣሪያ ነው። ከዜማው ጋር ሁልጊዜ አንድ የመፋቅ ድምፅ አለ። የማሲንቆ ሕይወቱም እሱ ነው። ሪቨርቡ ግን ዜማውን ትቶ ፍቀቱን አነሳው። 3 ሰከንድ ሙሉ አሸዋ እንደሚበጠር ሻሻሻ ይላል።

ወደ ትልቁ አዳራሽ ቀየርኩ። 4 ሰከንድ። ለእኔ ግሩም ሆኖ ተሰማኝ። ማታ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደወሉ።

«ልጄ፣ ደህና አመሸህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ሰሙት?»

«ሰማሁት። አንድ ሰው ጉድጓድ ገብቶ ይጮሃል። እኔ ነኝ እንዴ?»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ 40 ደቂቃ ሠራ። ሪቨርቡን ሁሉ አጥፍቼ ደረቁን ብቻ በማዳመጫ ሰማሁት። እንዲህም ያምራል። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ቡና ጠጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ሙሉ ቀን የዲሌይ ነው።

መጀመሪያ ምቱን ለካሁ። ጋሼ ሲጀምሩ በደቂቃ 96 ምት ናቸው። ሲጨርሱ 101። ለማንም ሰው ይህ ጤናማ ነው፤ ዘፈን ሲሞቅ ይፈጥናል። ለዲሌይ ፕለጊን ግን ራስ ምታት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ደቂቃ 60,000 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለ96 ሲካፈል 625 ይመጣል። አንዱ ምት ያን ያህል ይቆያል ማለት ነው። ፕለጊኑ ውስጥ ያሉት ዝግጁ ምርጫዎች ይህን 625 ለሁለትና ለአራት ይከፋፍሉታል። አብዛኛው ሰው የሚወደው «ዶትድ ኤይትዝ» የሚባለው ደግሞ የምቱን ሦስት አራተኛ ይወስዳል፤ 469 ገደማ። በአራት በአራት ለሚሄድ ዘፈን ጌጥ ነው።

ችክችካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው። አንዱ ምት ለሦስት ነው የሚከፈለው። 625 ለሦስት ሲካፈል 208 ይሆናል። ያ 469 ለ208 ቢካፈል 2 ከሩብ ነው። ከየትኛውም ምት ጋር አይገጥምም። እየተደናቀፈ የሚሄድ እስክስታ ወራጅ ይመስላል፤ ትከሻው ቀድሞ እግሩ የቀረ። ለዓመታት ብዙ የባህል ዘፈን ላይ ዲሌይ ስከፍት የሆነ ነገር ይጎረብጠኝ ነበር። ጆሮዬን ነበር የምጠረጥረው። ለካ ሒሳቡ ነው።

ስለዚህ በእጄ ጻፍኩት። ግራውን የ208 ሁለት እጥፍ፣ 417 ሚሊ ሰከንድ። ቀኙን ሦስት እጥፍ፣ 625። ማሲንቆው አንድ ጊዜ ሲነካ ግራው በ417፣ ከዚያ በ833፣ ከዚያ በ1250 ይመልሳል። ቀኙ በ625፣ ከዚያ በ1250። ሁለቱ ተለያይተው ሄደው 1250 ላይ ይገናኛሉ። 1250 ማለት ስድስቱ ትናንሽ ምቶች ሁሉ አልቀው ዙሩ እንደገና የሚጀምርበት ነጥብ ነው። በመሃል ላይ ግራው ሁለት ሁለት፣ ቀኙ ሦስት ሦስት እየቆጠሩ ነው። ከበሮ የሚመቱ ሁለት ሰዎች የገቡ መሰለኝ። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ትከሻዬን መታሁ። የቤቱ አከራይ በመስኮት አይተውኛል። እትዬ ምንም አላሉም፤ ግን አይተውኛል።

417 ሚሊ ሰከንድ ገደል ቢሆን የት ይቆም ነበር ብዬ አሰብኩ። ድምፁ በዚያ ጊዜ 143 ሜትር ይጓዛል፤ ሄዶ መመለስ ስለሆነ ገደሉ 71 ሜትር ላይ ነው። እያንዳንዱ የዲሌይ ቁጥር የሆነ ቦታ የቆመ ገደል ነው። ይህን ካሰብኩ ወዲህ ቁጥሮቹን ዝም ብዬ ማዞር ተውኩ።

ሁለት ነገር ደግሞ ቆረጥኩ። ከሚመለሰው ድምፅ ላይ ከ250 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ አወጣሁ፤ ያለዚያ ሥሩ ይጨቀያል። ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ቀጭኑንም አወጣሁ። ይህ ያ አሸዋ የመሰለውን ፍቀት ከመድገም አዳነኝ። የድሮዎቹ የቴፕ ዲሌዮች፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሮላንድ ስፔስ ኤኮ ዓይነቶቹ፣ ይህን ሳይጠየቁ ያደርጉት ነበር። ቴፑ በደገመ ቁጥር የላዩ ድምፅ እየደበዘዘ ይሄዳል። ጆሮ ደግሞ ደብዛዛውን ሩቅ ነው ብሎ ይቀበላል። ያኔ ድክመት ነበር፤ አሁን ፕለጊን ሠሪው በገንዘብ ይሸጥልሃል።

የፍጥነቱ ነገር አልተፈታም። በ96 የተሰላው 417፣ ዘፈኑ 101 ሲደርስ 396 መሆን ነበረበት። 21 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት። የዲሌዩን ጊዜ በአውቶሜሽን (ፕሮግራሙ ራሱ ቁልፉን እያዞረ) ቀስ አድርጌ ልቀይር ብዬ ሞከርኩ። ጊዜው ሲቀየር የሚመለሰው ድምፅ ቅኝቱ ይንሸራተታል። ባቲ የነበረው ወደ ምንም ሄደ። ዘፈኑን በአራት ቦታ ቆርጬ ለየራሱ ቁጥር ሰጠሁት፤ ማሲንቆው በሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ ስለቆረጥኩት መቀየሩ አይሰማም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የዛሬው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።

ማሲንቆውን ሰፋ ላድርገው ብዬ የቆየ ዘዴ ተጠቀምኩ። አንዱን ቅጂ ግራ፣ ያንኑ ቅጂ በ15 ሚሊ ሰከንድ አዘግይቶ ቀኝ። ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1949 በዶክትሬት ሥራው ያጠናው ነገር ነው። ሁለተኛው ድምፅ ከ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በላይ ካልዘገየ ጆሮ ሁለት ብሎ አይቆጥረውም። አንድ ያደርገውና መጀመሪያ ከመጣበት አቅጣጫ ያስቀምጠዋል። በማዳመጫ ስሰማው ማሲንቆው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ። ፈረሰኛ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ባለባጃጅ ሄድኩ። ሚክስ ስጨርስ ሁልጊዜ እሱ ጋ ነው የማስፈትነው። አንዲት የብሉቱዝ ስፒከር አለችው። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ጨፍልቃ ነው የምታወጣው። ከተማው ዘፈን የሚሰማው ደግሞ በእሷ ዓይነት ነው።

ከፈትነው። ማሲንቆው የለም። አለ፤ ግን የሆነ ሰው ቱቦ ውስጥ ከትቶ ነፍቶበታል።

«ብሮ፣ ይሄ ክራር ነው?» አለኝ።

ሞት ይሻላል። የሆነው ይህ ነው፦ ሁለቱ ቅጂዎች ሲደመሩ በአንዳንድ ቦታ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርድና ይጣፋሉ። በ15 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ቀዳዳው 33፣ 100፣ 167፣ 233 ሄርዝ እያለ በየ67ቱ ይቀጥላል። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ። ማሲንቆዬን አበጥሬ ነው ያመጣሁት።

ማታውን አፈረስኩት። ደረቁ ማሲንቆ አንድ ሆኖ ትንሽ ወደ ቀኝ ተቀመጠ። ስፋቱ ከሚመለሱት ድምፆች ብቻ ይምጣ። ሲጨፈለቁም ከዋናው በጣም የራቁ ስለሆኑ አያጠፉትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሪቨርብ ጨርሶ የለም ማለት አልቻልኩም። ክፍሌ በብርድ ልብስ ስለታፈነች ደረቁ ድምፅ ሣጥን ሣጥን ይላል። ትንሽ አየር ያስፈልገዋል። ግን ከፕለጊን ካቴድራል አይደለም።

አንድ ያላለቀ ፎቅ አለ፤ ደረጃው ባዶ ኮንክሪት ነው። የአንድን ቦታ ሪቨርብ ለመቅዳት አጭር ኃይለኛ ድምፅ ታሰማለህ፣ የሚመለሰውን ትቀርጻለህ፣ ቅጂውን ሪፐር ውስጥ ሪያቨርብ ለሚባለው ፕለጊን ትሰጠዋለህ። መጽሐፉ ፊኛ አፈንዳ ይላል። በዚህ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ ባዶ ፎቅ ላይ ፊኛ ማፈንዳት የመጽሐፉ ጸሐፊ ያላሰበበት ነገር ነው። ሁለት ጣውላ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛውን አስቀድሜ አስፈቀድኩ፤ ሻይ ጋበዝኩ። ጣውላዎቹን ሳጋጭ አባባ ከታች ቆመው ይቆጥሩ ነበር። «ስንተኛው ነው ሚበቃህ?» አሉ ሰባተኛው ላይ።

ፑትናምን አሰብኩት። የድምፅ መሐንዲሱ ቢል ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1947 ሺካጎ ውስጥ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስፒከርና ማይክ አስገብቶ ነበር ማሚቶ ያመረተው። እሱም ቢሆን በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ሳያስፈልገው አልቀረም።

ደረጃው 2.5 ሰከንድ ያህል ጭራ ሰጠኝ። ይህ ይበዛል። ፕለጊኑ ውስጥ ከ0.9 ሰከንድ ላይ ቆረጥኩት። ከደረቁ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጌ አስገባሁት፤ ስታጠፋው ነው መኖሩን የምታውቀው። ከመጀመሩ በፊት 40 ሚሊ ሰከንድ እንዲታገስ አደረግኩት። ይህ ፕሪ ዲሌይ ነው። ቃሉ ወጥቶ ከተሰማ በኋላ አየሩ ይከተለዋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሁለት ቀን አንድ ቃል ላይ አለቀ። ግን እዚህ ማስታወሻ ውስጥ የሚረባ ነገር ካለ ይሄ ነው።

የጋሼን ድምፅ ደልደል ለማድረግ ከሌላው ሁሉ በተጨማሪ አጭር ዲሌይ ሰጥቼው ነበር፤ 110 ሚሊ ሰከንድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደግም። ድምፁ ወፈረ፤ ደስ አለኝ። ትናንት ግን ያን ስንኝ ስሰማ የሆነ ነገር ጎደለ።

«ይመታል» ሁለት ነው። ሲላላ ልቡ ይመታል፤ ማለትም ልብ እንደ ልብ ትር ትር ይላል። ሲጠብቅ ልቡ ይመታል፤ ማለትም ይደበደባል። ዳርቻውን ሞገድ እንደሚደበድበው ዓይነት። ጋሼ ሦስተኛው ቅጂ ላይ ይህን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይሉታል። መጀመሪያ አላልተው፣ ሁለተኛ አጥብቀው። ሰሙን ሰጥተው ወርቁን ያስከትላሉ። የቅኔ ቤቱ ዋሸራ ባይውሉም የጎጃም ሰው ናቸው።

በኔ ሚክስ ሁለቱም ላልተው ተሰሙ።

ደረቁን ከፈትኩ። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ አለ። ዲሌዩን ጨመርኩ። ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ሞገዱን አጎላሁት። የጠበቀ «ተ» ማለት ለካ ዝምታ ነው። ምላስ አፍ ዘግቶ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይለቃል። ጋሼ ሲያላሉት ያ ዝምታ 80 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ሲያጠብቁት 150።

አሁን ዲሌዩን ጨምርበት። ዝምታው ሲጀምር ከ110 ሚሊ ሰከንድ በፊት የተዘፈነው «መ» ተመልሶ ይመጣል። መጥቶም ከ150ው ውስጥ 110ሩን ይሞላዋል። የቀረው ዝምታ 40 ነው። ጆሮ ምን ያድርግ? ላላ ብሎ ይፈርዳል። ኢኮው ማጥበቂያውን በላው።

የዚያን ሌሊት ማኅሌት ቃሉ ያመለጠኝ አሁን ገባኝ። ዜማውማ ይሰማል። ዜማ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ቃል የሚለየው ግን በዝምታዎቹ ነው፤ ሁለተኛው ድምፅ ማጉያ ደግሞ እነሱን ይሞላቸዋል።

መጀመሪያ ያደረግኩት የተለመደውን ነው። በዲሌዩ ላይ ኮምፕሬሰር (ድምፅን ዝቅ የሚያደርግ ፕለጊን) አስቀምጬ የጋሼን ደረቅ ድምፅ እንዲሰማ አደረግኩት። እሳቸው ሲዘፍኑ ዲሌዩ አንገቱን ይደፋል፤ ሲያርፉ ቀና ይላል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሟል ይመስላል። ግን አልሠራም! አሁንም ላላ። ግማሽ ቀን ተቃጠለ።

ጥፋቱ የመልቀቂያው ጊዜ ላይ ነበር። ኮምፕሬሰሩ የዘፋኙ ድምፅ ከቆመ በኋላ በ60 ሚሊ ሰከንድ እንዲለቅ ነበር የተደረገው። የ«ተ» ዝምታ ሲመጣ ጋሼ የጨረሱ ይመስለዋል። ቀና ይላል። ገና ቃሉ መሃል ላይ ናቸው እኮ! ባለሟሉ ጌታው ሳል ሲውጡ ንግግር የጀመረ ዓይነት ነው። መልቀቂያውን ወደ 300 ሚሊ ሰከንድ አሳደግኩት። ከማንኛውም የጠበቀ ፊደል ይረዝማል። በቃ። ዝምታው ተመለሰ። ይመታል፣ ይመታል። ሁለት ሆኑ።

ፕለጊኑን የሠሩት ሰዎች ይህን 60 ያስቀመጡት ለየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም፤ ለአማርኛ ግን አይሆንም። ለሪቨርቡም ያንኑ ኮምፕሬሰር ሰጠሁት። የ110ሩን ዲሌይም በጣም ዝቅ አደረግኩት፤ አሁን የቀረው ወፈር ማለቱ ብቻ ነው።

ለስንኝ መጨረሻዎቹ ደግሞ ዲሌይ በፕለጊን መወርወሩን ተውኩት። የመጨረሻውን ቃል እቆርጣለሁ፣ ሌላ ትራክ ላይ በ417 ግራ፣ በ625 ቀኝ እለጥፋለሁ፣ ላዩንና ሥሩን እቆርጣለሁ፣ ዝቅ አደርጋለሁ። ሰባት ቦታ ብቻ ነው። በመቀስና በሙጫ የተሠራ የትምህርት ቤት ሥራ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱን በጆሮዬ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ጋሼ ሊሰሙ መጡ። ዓሣ ጥብስ በልተን ገባን። ማዳመጫ አልፈልግም አሉ፤ በስፒከር ሰሙት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ የማሲንቆውን መምቻ እንደያዘ እየሄደ።

ሲያልቅ ትንሽ ዝም አሉ።

«ኢኮ አላደረግክበትም።»

«አድርጌበታለሁ ጋሼ። ይኸው ላጥፋውና ይስሙ።»

አጠፋሁት። ፊታቸው ተኮሳተረ። «መልስ፣ መልስ።»

ከዚያ የለጠፍኳቸውን ቃሎች አንድ በአንድ አስደገሙኝ። ስንኙ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ የሚመልሰው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት። ያንኑ ቃል ነው የለጠፍኩት።»

«ያንኑማ ምን ያደርጋል? የተባለውን ለመድገም ከሆነ በቀቀን አላጣሁም።» ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፤ መነጽር አልያዙም፤ የሚያዩት ነገር ግን አልነበረም። «ስማ። እኔ አላልቼ ልበል። ማሚቶው አጥብቆ ይመልስ።»

ምን እንዳሉኝ እስኪገባኝ ጊዜ ፈጀብኝ። እሳቸው መሃል ላይ ሆነው ልቡ ትር ትር ይላል ይላሉ። ከግራ፣ ከሩቅ፣ ሐይቁ ይደበደባል ብሎ ይመልሳል። ሰሙ ከሰው፣ ወርቁ ከማዶ።

ማይኩን አቆምኩ። አንድ ቃል ለመቅዳት። ብርድ ልብሱን ዘረጋሁ፣ እትዬን ውኃ መቅዳቱን እንዲያቆሙልኝ ለመንኩ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይመታል።» ድጋሚ። «ይመታል።» አምስተኛው ላይ የ«ተ»ዋ ዝምታ 190 ሚሊ ሰከንድ ደረሰች። በሩቅ ለሚሰማ ቃል ልክ ናት፤ እሷን ወሰድኩ።

ግራ ላይ በ417 ለጠፍኳት። ቀኙን ባዶ ተውኩት። ላይዋን ከ3,000 ሄርዝ ቆረጥኩት። ጭራ አልሰጠኋትም፤ ያ ብር የተበደረው ሰውዬ በታንኳው ላይ እንደተሰማው ደረቅ ሆና ቀረች። አጥብቀው የዘፈኑትን ሁለተኛውን ዙር ጋሼ አስወጡት። «አንዴ ይበቃል፤ ሰው ቂል አይደለም» አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ባጃጅ ውስጥ ነን። ስፒከሯ መሪው ሥር ታስራለች። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ግን ከኋላችን ሌላ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል። ማሲንቆው ማሲንቆ ነው። ቃሉ ይሰማል። ያ ስንኝ መጣ። ጋሼ አሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ሐይቁ መለሰ።

ጎረቤቴ ስልኩን አንስቶ መልሶ አጫወተው። ደግሞ መለሰው።

«ቆይ ቆይ። ይመታል ነው የሚለው፣ ይመታል?»

የመጀመሪያውን አላልቶ፣ ሁለተኛውን አጥብቆ ነው የጠየቀኝ። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ ወደ ጋሼ እንዲያደርሰኝ ሞተሩን አስነሳ።